የሚያዳምጥ መስተዋት

(ንዝረትን በፋይበር ኦፕቲክ ስለ መለካት በማኅበራችን የዐርብ ምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው ኮሚቴ ይህን ንግግር እንዳደርግ በጠየቀኝ ጊዜ «ያለህ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ደግሞም የሕግና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለሚመጡ በሒሳብ አታስጨንቃቸው» የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮ ሰጥቶኛል። የመጀመሪያውን ትእዛዝ ለመፈጸም እሞክራለሁ። ስለ ሁለተኛው ግን፥ የሕግ ተማሪዎች ማባዛትና ማካፈል እንደሚችሉ ስለማውቅ፥ ጥቂት ቍጥሮች ሳልጠራ አላልፍም። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውንም አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ንግግሬን የምጀምረው ከቤተ ሙከራ ሳይሆን ከወፍጮ ቤት ነው። ልጅ ሳለሁ እናቴ እህል አሸክማ ወደ ወፍጮ ቤት ስትልከኝ፥ ተራዬ እስኪደርስ ድረስ ከባለ ወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ሥራውን መመልከት እወድ ነበር። አንድ ቀን ይህ ሰው ትልቅ ካቻቢቴ አንሥቶ፥ ጫፉን በሞተሩ ኩሽኔታ ላይ አስደግፎ፥ እጀታውን ከጆሮው አጣብቆ፥ ዐይኑን ጨፍኖ ብዙ ጊዜ አዳመጠ። ከዚያም «ይኸ ኩሽኔታ ታሟል፤ ሳምንት አያደርስም» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ወረፋ የያዙት እናቶች ተቈጡ፤ እኔም እህሉን እንደ ተሸከምሁ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። በማግሥቱ ኩሽኔታው ተፈትቶ ሲታይ ግን ከውስጡ ካሉት የብረት ብዮች አንዱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ባለ ወፍጮው ፊደል የቈጠረ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ዛሬ በትልልቅ ፋብሪካዎች በብዙ ገንዘብ የሚሠራውን ሥራ በአንድ ካቻቢቴ ይሠራው ነበር። ይህም ሥራ ንዝረትን መለካት ይባላል።

የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ይነዝራል። ስለዚህ ንዝረት ራሱ በሽታ አይደለም፤ እንደ ልብ ትርታ ነው። በሽታው የሚታወቀው ትርታው የተለወጠ እንደ ሆነ ነው። ንዝረትን የሚመረምር መሐንዲስ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ዕቃው ከቦታው ምን ያህል ይርቃል? በሴኮንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል? ከትናንትናውስ ምን ያህል ተለይቷል? የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ ከጠጕር ውፍረት ያነሰ ነው። ሁለተኛው ከአንድ ጀምሮ እስከ ብዙ ሺሕ ይደርሳል። ሦስተኛውን ሊመልስ የሚችል ግን ሌሊትና ቀን ሳያንቀላፋ የሚያዳምጥ ጆሮ ብቻ ነው፤ ባለ ወፍጮው ደግሞ ማታ ማታ ወደ ቤቱ ይገባል።

እንዲህ ያለው ጆሮ ሲታጣ፥ ወይም ኖሮ ሳይታመን ሲቀር፥ የሚመጣውን ነገር በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። በደቡብ ሳይቤሪያ በየኒሴይ ወንዝ ላይ ሳያኖ ሹሼንስካያ የሚባል የኤሌክትሪክ ማመንጫ አለ። ሲሠራ እያንዳንዳቸው 640 ሜጋዋት የሚያመነጩ 10 ተርባይኖች ነበሩት። በ2009 ኦገስት 17 ቀን ጧት የሁለተኛውን ተርባይን ክዳን አጥብቀው የያዙት ታላላቅ ቡሎኖች ተበጠሱ። ከሥር የሚገፋው ውሃ ያን ሁሉ ብረት ከጕድጓዱ አስፈንጥሮ አወጣው፤ የተርባይኖቹ አዳራሽ በውሃ ተጥለቀለቀ፤ 75 ሰዎች ሞቱ። የመንግሥቱ መርማሪዎች በኋላ እንደ ገለጹት ቡሎኖቹ በአንድ ቀን አልደከሙም። ብረት ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ይደክማል፤ ትንሽ ስንጥቅ ይጀምረዋል፤ ስንጥቁም እያደር ወደ ውስጥ ይገባል። በዚያ ተርባይን ኩሽኔታ ላይ የሚፈቀደው ንዝረት 160 ማይክሮሜትር ሲሆን፥ ከአደጋው በፊት የተመዘገበው 840 ነበር። ማይክሮሜትር ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺሕኛ ነው።

እንግዲህ ቍጥሩ ተመዝግቦ ነበር። ዳሳሽ የለም አልተባለም። ነገሩን የሚያወሳስበው ከአደጋው በኋላ የተነሣው ክርክር ነው፤ አንዳንድ ባለሙያዎች ይህን ቍጥር የሰጠው ዳሳሽ ራሱ ጤነኛ አልነበረም፥ ተርባይኑ ቆሞ ሳለ እንኳ ከፍተኛ ንዝረት ያሳይ ነበር ብለዋል። እስቲ ፍረዱ፤ ዳሳሹ እውነተኛ ከነበረ ሰሚ አጣ ማለት ነው። ሐሰተኛ ከነበረም፥ በጮኸ ቍጥር የማይታመን ዘበኛ በበሩ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ከመጀመሪያው አይሻልም። የዛሬው ጥያቄዬም ይኸው ነው፤ የምናምነውን ዳሳሽ ከየት እናገኛለን?

በብዛት የሚሠራበት የንዝረት ዳሳሽ ከክሪስታል የተሠራ ነው። ክሪስታሉ በተጨመቀ ቍጥር ጥቂት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ያም ኤሌክትሪክ በመዳብ ሽቦ ወደ መለኪያው ይሄዳል። መልካም መሣሪያ ነው፥ ርካሽም ነው። ባለ ወፍጮው ዛሬ ምክር ቢጠይቀኝ እሱን ግዛ እለዋለሁ እንጂ መስተዋት ውስጥ አላስገባውም። ችግሩ የሚመጣው ሌላ ቦታ ነው። የመዳብ ሽቦ የሚሰማው የክሪስታሉን መልእክት ብቻ አይደለም፤ በአካባቢው የሚያልፈውን የኤሌክትሪክና የማግኔት ኀይል ሁሉ እንደ ሬዲዮ አንቴና ይቀበላል። ከሁሉ የባሰው ቦታ ደግሞ የትልቅ ጀነሬተር ውስጥ ነው።

በጀነሬተሩ ዙሪያ ያሉት ወፋፍራም የመዳብ ጥቅሎች በብረቱ ውስጥ ተቀብረው ይሄዱና በሁለቱ ጫፍ ወጥተው ይታጠፋሉ። ከብረቱ የወጣው እጥፋት የሚይዘው ማሰሪያና መወጠሪያ ብቻ ስለ ሆነ እንደ ልቡ ሊነዝር ይችላል። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ነገር ግን ጥቅሎቹን የሚስበው ኀይል በእያንዳንዱ ምልልስ ሁለት ጊዜ ስለሚበረታ ጥቅሎቹ የሚመቱት በሴኮንድ 100 ጊዜ ነው። (በአሜሪካ 60 ስለ ሆነ 120 ይሆናል።) በዓመት ውስጥ ስንት ሴኮንድ እንዳለ ለሕግ ተማሪዎች የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ማሰሪያው ትንሽ የላላ እንደ ሆነ፥ በጥቅሉ ላይ ያለው መሸፈኛ እየተፋተገ ይበላል፤ ዱቄቱም ይራገፋል፤ በመጨረሻም የመዳቡ ክሮች ይሰነጠቃሉ። ይህን ንዝረት መስማት እጅግ ያስፈልጋል፤ ዳሩ ግን በዚያ ቦታ ላይ በአሥር ሺሕ ቮልት የሚቈጠር ኤሌክትሪክ ስላለ የመዳብ ሽቦ ማስገባት ማለት ለመብረቅ መንገድ መጥረግ ማለት ነው። መስተዋት ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ማግኔትም አይስበውም። ብርሃንን ብቻ ነው የሚያሳልፈው።

መስተዋት ብርሃንን ያሳልፋል ማለት አዲስ ነገር አይመስልም። ነገር ግን በመስኮት በኩል ማሳለፍና በኪሎ ሜትር ርቀት ማሳለፍ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1966 በእንግሊዝ አገር ቻርልስ ካዎና ጆርጅ ሆክሃም የተባሉ ሁለት መሐንዲሶች የመስተዋት ክር ብርሃንን የሚውጠው መስተዋት በመሆኑ ሳይሆን ቈሻሻ ስላለበት ነው፥ ከጸዳ ለቴሌፎን ሊያገለግል ይችላል ብለው ጻፉ። የጠየቁት መጠን፥ ብርሃኑ 1 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ከመቶ አንድ እጁ እንዲተርፍ ብቻ ነበር። በ1970 የኮርኒንግ ኩባንያ ሠራተኞች ከዚህ የተሻለ ክር ሠሩ። ዛሬ በምድር ውስጥ የሚቀበረው ክር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከመቶ 95 ያህሉን ያተርፋል። ካዎም በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ከ43 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። እናንተም ፈተና ጽፋችሁ ውጤት ሲዘገይባችሁ ይህን አስታውሱ።

ክሩ ከነመስተዋት ልብሱ 125 ማይክሮሜትር ይወፍራል፤ ከወፍራም የሰው ጠጕር ትንሽ ይበልጣል ማለት ነው። ለስልክ በሚሠራበት ዓይነት ብርሃኑ የሚሄድበት መካከለኛው ክፍል 9 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። አሁን በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ግን መካከሉ ሰፋ ያለ ሌላ ዓይነት ክር ነው። በአንድ ጫፉ ከቀይ ሌዘር ብርሃን አስገብተንበታል፤ በሌላው ጫፉ የሚወጣውን ወደ ግድግዳው አዙረነዋል። መብራቱን እባካችሁ አጥፉልን።

(እዚህ ላይ መብራት ጠፍቶ ሙከራው ታየ። ተናጋሪው ጠረጴዛውን በጣቱ ሲመታ በግድግዳው ላይ ያሉት ቀያይ ነጠብጣቦች ሲንቀጠቀጡ ተሰብሳቢው ተመለከተ።)

ያያችሁት ነገር ምክንያቱ እንዲህ ነው። በሰፊው ክር ውስጥ ብርሃኑ በአንድ መንገድ አይሄድም፤ በብዙ መንገድ እየተጋጨ ይሄዳል። መንገዶቹም እኩል ርዝመት የላቸውም። በመጨረሻ ሲገናኙ የአንዱ ሞገድ ጫፍ ከሌላው ሞገድ ጫፍ ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ ቦታው ይበራል፤ ጫፍ ከጐድጓዳ ጋራ የገጠመ እንደ ሆነ ይጨልማል። ነጠብጣቦቹ ከዚህ የመጡ ናቸው። የቀይ ብርሃን ሞገድ ከ1 ማይክሮሜትር ያነሰ ስለ ሆነ፥ ክሩ ከዚያ ያነሰ እንኳ ቢንቀሳቀስ ነጠብጣቡ ቦታውን ይለውጣል። በነጠብጣቡ ላይ አንድ ትንሽ የብርሃን መቀበያ አድርገን ከድምፅ ማጕያ ጋራ ብናገናኘው ጠረጴዛው ሲመታ እንሰማዋለን።

ባለፈው ሳምንት ይህን ስናዘጋጅ የደረሰብንን ልንገራችሁ። መሣሪያው በሴኮንድ 3 ጊዜ ያህል የሚመላለስ ንዝረት ያሳየን ጀመር። ሁለት ቀን ሙሉ ምክንያቱን ፈለግን። የውሃ መሳቢያው ነው አልን፤ አጠፋነው። በመንገድ የሚያልፈው መኪና ነው አልን፤ በሌሊት ሞከርን። በኋላ እንደ ተገለጠው ንዝረቱ የሚመጣው ከአንደኛው ጓደኛችን ጕልበት ነው፤ ሲያስብ ከጠረጴዛ በታች እግሩን ያወዛውዛል። ስሙን አልጠራም፤ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ይስቃል።

ቀልዱን እንተወውና፥ ይህ ሙከራ የመስተዋቱን ብርታትም ድካሙንም አሳይቶናል። ከመጠን በላይ ይሰማል። ደግሞም «አንድ ነገር ተንቀሳቅሷል» ይላል እንጂ «የተንቀሳቀሰው ይህን ያህል ነው» አይልም። ዘበኛ ይሆናል፥ ምስክር ግን አይሆንም።

መጠንን ለመለካት ከተሞከሩት መንገዶች አንደኛው ቀላል ነው። ብዙ ክሮች በአንድነት ይታሰሩና ግማሾቹ ብርሃን ወደሚነዝረው ብረት ይወረውራሉ፤ ግማሾቹ የተመለሰውን ይለቅማሉ። ብረቱ ሲቀርብና ሲርቅ የሚመለሰው ብርሃን መጠን ስለሚለወጥ ከዚያ ርቀቱ ይታወቃል። ብረቱ ሳይነካ መለካቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በብረቱ ላይ ዘይት ቢንጠባጠብበት ብርሃኑ ይቀንሳል፤ መሣሪያውም ብረቱ ራቀ ብሎ ይናገራል። በንጹሕ ቤተ ሙከራ የሚሠራ፥ በቅባት ቤት የሚዋሽ መሣሪያ ነው። ብልህ ሰዎች ይህን ለማረም ሌላ ረድፍ ክር ጨምረው ሁለቱን ያነጻጽራሉ፤ ወደዚያ ዝርዝር ግን አልገባም።

የበለጠ የምወደው ሁለተኛው መንገድ ነው። በ1978 በካናዳ ኦታዋ ኬኔት ሂልና ጓደኞቹ በአንድ የመስተዋት ክር ውስጥ ኀይለኛ የሌዘር ብርሃን ሲያስገቡ እንግዳ ነገር አዩ። ወደ ኋላ የሚመለሰው ብርሃን ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየበዛ ሄደ። ብርሃኑ በክሩ ውስጥ ሲመላለስ በመስተዋቱ ላይ የራሱን ጭረቶች እየጻፈ ነበር። በ1989 ደግሞ በአሜሪካ ጄራልድ ሜልትዝና ባልደረቦቹ እነዚህን ጭረቶች በአልትራቫዮሌት ብርሃን ከጐን መጻፍ እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ በተፈለገው ርቀት መጻፍ ተቻለ። በ1 ሴንቲ ሜትር ክር ውስጥ ወደ 19 ሺሕ የሚጠጉ ጭረቶች ይገባሉ። በ1915 ከአባቱ ጋራ ኖቤል በተሸለመው በወጣቱ በብራግ ስም የብራግ ጭረት ይባላሉ። ሲሸለም 25 ዓመቱ ነበር፤ ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም።

የጭረቶቹ ጥቅም ይኸ ነው። ብዙ ቀለም ያለው ብርሃን ቢመጣባቸው ከርቀታቸው ጋራ የሚስማማውን አንዱን ቀለም ብቻ ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ ሌላውን ሁሉ ያሳልፋሉ። ክሩ ሲለጠጥ በጭረቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል፤ የሚመለሰውም ቀለም ይለወጣል። ክራር የሚመታ ሰው ይህን ወዲያው ያስተውላል፤ አውታሩ ሲወጠር ድምፁ ይለወጣልና። (ልዩነቱ ክራሩ ሲወጠር ድምፁ ሲቀጥን፥ የኛ መስተዋት ግን ሲለጠጥ ሞገዱ ይረዝማል።) 1 ኪሎ ሜትር ክር በ1 ሚሊሜትር ብቻ ቢለጠጥ በዚያው መጠን የተለጠጠው ጭረት የሚመልሰው 1550 ናኖሜትር ሞገድ በ0.0012 ናኖሜትር ይለወጣል። ይህችን ታናሽ ለውጥ የሚያነብ መሣሪያ አለ።

ዋናው ነገር የተጻፈው በብርሃኑ ብዛት ሳይሆን በቀለሙ መሆኑ ነው። መብራቱ ቢደክም፥ መገጣጠሚያው ቢቈሽሽ፥ የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል እንጂ ቀለሙ አይለወጥም። ከላይ ከጠቀስሁት ከዘይቱ ውሸት የሚያድነን ይኸ ነው። በአንድ ክር ላይም እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቀለም የሚመልሱ በአሥር የሚቈጠሩ ጭረቶችን በተለያየ ቦታ መጻፍ ይቻላል። በአንዲት ክር ብዙ ኩሽኔታ ይደመጣል ማለት ነው።

ይህም ቢሆን ያለ ውሸት አይደለም። ጭረቱ ሙቀትንም ይሰማል፤ 1 ዲግሪ ሙቀት የሚያመጣው ለውጥ ቀደም ሲል ከተናገርሁት መለጠጥ 8 እጥፍ ያህል ነው። የድልድይን ቀስ በቀስ መጕበጥ ለመለካት የሚፈልግ ሰው በዚህ ብዙ ይቸገራል፤ ፀሐይ ስትወጣ ድልድዩ ጐበጠ ይለዋል። ለንዝረት ግን ነገሩ ይቀላል። ጀነሬተር በአንድ ሴኮንድ 100 ጊዜ ሊሞቅና ሊቀዘቅዝ አይችልም። ስለዚህ ዝግ ብሎ የሚለወጠውን ለሙቀት ትተን፥ ፈጥኖ የሚመላለሰውን ለንዝረት መያዝ ነው። የመስተዋት ክር ከሌላው ሁሉ ይልቅ ለንዝረት የተመቸ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ጀነሬተሩ እንመለስ። በጥቅሎቹ እጥፋት ላይ የሚደረገው መሣሪያ የአውራ ጣት ያህል ሣጥን ነው። አንደኛው ዓይነት በውስጡ ትንሽ ክብደት በቀጭን ምላስ ላይ ተንጠልጥላለች፤ ጭረት ያለበት ክር ምላሱ ላይ ተጣብቋል። ሣጥኑ ሲነዝር ክብደቷ፥ አውቶቡስ በድንገት ሲነሣ ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንደሚቀር፥ ትቀራለች፤ ምላሱ ይታጠፋል፤ ክሩ ይለጠጣል፤ ቀለሙ ይለወጣል። ከጀነሬተሩ የሚወጣው መስተዋት ብቻ ነው። በ1960 ከተመረቀው ከቆቃ ጀምሮ በ2025 እስከ ተመረቀው 13 ተርባይኖች እስካሉት እስከ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ድረስ፥ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከሚሽከረከር ውሃ የሚመጣ ነው። ከእናንተ መካከል በነዚህ አዳራሾች ውስጥ የሚቀጠሩ ይኖራሉ። በዚያን ጊዜ የንዝረት ቍጥር በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀርብ፥ ይህ ቍጥር ከምን ዓይነት ዳሳሽ መጣ፥ ማሽኑ ቆሞ ሳለ ስንት ያነባል ብላችሁ ጠይቁ። የኋለኛውን ጥያቄ ለመጠየቅ ምንም ዲግሪ አያስፈልግም።

ቀሪው ጊዜዬ አጭር ቢሆንም ስለ ሦስተኛው መንገድ ካልተናገርሁ ንግግሬ ይጐድላል። እስካሁን በክሩ ላይ አንድ ነገር ጽፈን ነበር። ነገር ግን ምንም ያልተጻፈበት ተራ የስልክ ክር ራሱ ዳሳሽ መሆን ይችላል። መስተዋቱ ሲሠራ ቀልጦ ሲረጋ በውስጡ እጅግ ታናናሽ አለመስተካከሎች ይቀራሉ። የብርሃን ፍንጣቂ ስንልክበት ከእያንዳንዱ ቦታ ጥቂት ብርሃን ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንደ ገደል ማሚቶ ነው። ብርሃን በመስተዋት ውስጥ በሴኮንድ 200 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፥ ማሚቶው የተመለሰበትን ጊዜ ቈጥረን ከስንተኛው ሜትር እንደ መጣ እናውቃለን። ሁለት ማሚቶዎች በተከታታይ ሲመጡ ልዩነት ያሳዩ እንደ ሆነ በዚያ ቦታ ክሩ ተለጥጧል፤ ማለት መሬቱ ተንቀሳቅሷል። በዚህ መንገድ በአንድ ጫፍ አንድ ሣጥን ብቻ ተቀምጦ 50 ኪሎ ሜትር ክር በሺሕ በሚቈጠሩ ጆሮዎች ይተካል።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2015 በአይስላንድ በሬይክያነስ ልሳነ ምድር 15 ኪሎ ሜትር የቴሌኮሙኒኬሽን ክር በዚህ መንገድ ተደምጦ የመሬት መንቀጥቀጥን መዝግቧል፤ ከዚያ በፊት በካርታ ያልተመዘገበ የመሬት ስንጥቅም አሳይቷል። በ2018 በካሊፎርኒያ በሞንቴሬይ ወሽመጥ፥ የባሕር ውስጥ ገመድ ለጥገና ከሥራ በወጣበት ጊዜ ተመራማሪዎች 20 ኪሎ ሜትሩን ለ4 ቀን ተጠቅመው መሬቱንም ባሕሩንም አዳምጠዋል። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በዚያው በሬይክያነስ ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች ሲገፋ በአካባቢው ያለው ክር አብሮ ሲለጠጥ ታይቷል።

ከ2024 መጨረሻ እስከ 2025 መጀመሪያ በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬት በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠ ጊዜ ብዙዎቻችን ፎቅ ላይ ሆነን አምፑል ሲወዛወዝ አይተናል። እዚያ የሚኖሩት ደግሞ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ሆነው ከቀያቸው ተነሥተዋል። በስምጥ ሸለቋችን ውስጥ የስልክ ክር በየመንገዱ ዳር ተቀብሯል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ገመድ ውስጥ ሥራ ያልተሰጠው ክርም አይጠፋም። ስለዚህ ከአይስላንድ የሚለየን የክር ማጣት አይደለም።

ለመሆኑ የሚለየን ምንድን ነው? ጥቂት ላስላላችሁ። 50 ኪሎ ሜትር ክር በየ5 ሜትሩ ብናዳምጥ 10 ሺሕ ጆሮ ነው። ብርሃን ደርሶ ለመመለስ ግማሽ ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅበት በሴኮንድ ከ2 ሺሕ ጊዜ በላይ ልንጠይቀው አንችልም፤ 1 ሺሕ ጊዜ እንጠይቀው። በሴኮንድ 10 ሚሊዮን ቍጥር ይመጣል። በአንድ ቀን ወደ 1.7 ቴራባይት ይሞላል። ይህን ሁሉ ሰው አያነበውም፤ የከባድ መኪናውን፥ የከብቱን፥ የዝናቡን ድምፅ ለይቶ የመሬቱን ድምፅ የሚያወጣ ስሌት መጻፍ አለበት። ሣጥኑ ውድ ቢሆንም በገንዘብ ይገዛል። ስሌቱ ግን የአካባቢውን መሬትና መንገድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል፤ የካሊፎርኒያ ስሌት የአዋሽን መንገድ ጭነት መኪና አያውቀውም። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ አጣን የምትሉ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች ይህን ብትሰሙ ደስ ይለኛል።



(ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች ሦስቱን ከነመልሳቸው የጋዜጣው ኮሚቴ ባዘዘኝ መሠረት እጽፋለሁ።)

አንድ የሕግ ተማሪ፥ በመሬት የተቀበረው ክር ንግግራችንን ይሰማል ወይ ብሎ ጠይቋል። በጫፉ የሚያዳምጥ ሣጥን ካልተደረገበት ምንም አይሰማም። ከተደረገበት ግን መኪና ማለፉን፥ ሰው መራመዱን፥ አንድ ሰው በዶማ መቈፈሩን ይለያል፤ የነዳጅ ቧንቧ የሚጠብቁት በዚሁ ነው። በቤተ ሙከራ ከክር አጠገብ የተነገረ ቃልን መልሰው ያወጡ ተመራማሪዎችም አሉ፤ በአፈር ውስጥ ለተቀበረ ገመድ ግን ይህ እጅግ ከባድ ነው። ማን ያዳምጥ፥ መዝገቡን ማን ይያዝ፥ መቼስ ይጥፋ የሚለውን ጥያቄ ለጠያቂው ራሱ መልሼለታለሁ፤ የሱ ትምህርት ነውና።

አንዲት የኬሚስትሪ ተማሪ እኅታችን፥ መስተዋት ተሰባሪ ሆኖ ሳለ እንዴት ከሚንቀጠቀጥ ማሽን ጋራ ይኖራል ብላለች። አዲስ የተሳበና ያልተጫረ የመስተዋት ክር ሲሳብ ከተመሳሳይ ውፍረት የብረት ሽቦ ይበልጥ ይጠነክራል። የሚገድለው ጭረትና እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ከፕላስቲክ ልብሱ አይለይም። በጠባቡ ከተጠማዘዘም ብርሃኑ ያፈስሳል። እኛ ለዚህ ስብሰባ ስንዘጋጅ ሁለት ጊዜ ሰብረነዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ በወንበር እግር ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ሙከራውን በቅርብ ማየት ይቻላል ወይ የሚል ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት በቤተ ሙከራው ውስጥ እንገኛለን። ክራር ያለው ሰው ይዞ ቢመጣ አውታሩን በብርሃን እንሰማዋለን። እግሩን የሚያወዛውዘው ጓደኛችን በር ላይ ሆኖ እንዲቀበላችሁ ተስማምተናል።